ሦስት ጊዜ ማጠብ

እዚህ ባስራ፣
ወንዛችን ለባሕር ተድራ፣
ጨው ጥሎሽ ተቀብላ፣
በቦያችን ገባች የጥንቷን ዘመድ መስላ።
መጀመሪያ ድንብላል ሄደ፤ ቀጥሎ ባቄላው፤
ከዚያ ሎሚው ደርቆ ቀረ ቀጭን ጥላው።

በዚያው ሰሞን ባሌ፣ አብዱልዛህራ፣
ስምንት ነጭ ቱቦ ገዝቶ መጣ፣ ከአንድ መጋዝ ጋራ።
ዕድሜውን በመርከብ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ፣
ጡረታ የወጣ በግማሽ ደንቁሮ፤
"ዛሬ ደግሞ ምንድነው?" ስል፣ "ማሳ ነው" አለና
ግድግዳ መብሳቱን ቀጠለ እንደገና።

ክፍሉ የራድዋን ነው፤ ልጃችን ሲያገባ
ባዶውን የቀረ፣ ፀሐይ የማይገባ።
አሁን በአልጋው ቦታ በርሜል ተቀመጠ፣
ቱቦው ተቀጣጥሎ ግድግዳውን ዋጠ፤
በየቀዳዳው ላይ ስፖንጅ ተሰክቶ፣
በስፖንጁ ሆድ ውስጥ የበሶብላ ዘር ገብቶ፣
ውሃው ከበርሜሉ እየወጣ ዞረ፣
ሥር ሥሩን እየላሰ ተመልሶ አደረ።
አፈር የለም። ጭራሽ። ትልም ጭቃም የለም።
አትክልተኛው አባቴ ቢያየው፣ "ይሄ ሕልም
ነው" ብሎ ያልፈው ነበር።

ኡም ሰጃድ ከማዶ መስኮቱን አይታ፣
"ያ ሐምራዊ መብራት ምንድነው በማታ?"
ብላ ለሰፈሩ አወራች። ሠርግ ነው
ያሉ አሉ። ሌላም፣ የማልደግመው።
ድንብላል ነው ብል ማን ሊያምነኝ ነው?

ሐምሌ ገባ። ጥላው ሃምሳ ዲግሪ ሞላ፣
የበሩ እጀታ እንደ ፍም ጣት በላ።
የሞቀ ውሃ ትንፋሽ የለው፤ ሥር ውስጡ ይታፈናል፣
ነጩ ይጠወልግና የሻይ አተላ ይሆናል።
አብዱልዛህራ ታዲያ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ፣
ፍሪጅ ውስጥ ያስተኛል፣ ዓሣዬን አውጥቶ፤
በረዶ ሲሆኑ በርሜሉ ውስጥ ከቶ፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ፣
እጁን በውሃው ነክሮ ይቆማል እስኪቀዘቅዝ ድረስ።
ራድዋን ኩፍኝ ሲይዘው እንዲህ አልቆመም።
መርከብ ላይ ነበር።
ይህን አላነሣሁበትም።

ቤቱ ያለው አንድ ኤሲ፣ እሱም ለበሶብላ፤
እኛም ፍራሻችንን አነጠፍን ኋላ
ከቱቦዎቹ ሥር፤ ሐምራዊ ሆነን ተኛን።

ታዲያ አንድ ሌሊት መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፣
የሙሐይሲን ጀነሬተርም አስሎ አስሎ አንቀላፋ።
ፓምፑ ዝም አለ።
ሠላሳ ዓመት ስጠራው "ምን?" እያለኝ የኖረ፣
ያ ሰው ዝምታውን ሰምቶ ብድግ አለ፤
በጨለማው በርሜሉን እየዳበሰ ዞረ።

እሱ በኩባያ፣ እኔ በጭልፋ፣
ከበርሜሉ እየቀዳን፣ ከፍ አድርገን ስንደፋ፣
"ከላይ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል" አለኝ።
እየቆጠርን ነበር። ስድስት መቶ ላይ ጠፋብኝ፤
ሰባት መቶ ብዬ ቀጠልኩ።
አውቆ ዝም አለኝ።

ሲነጋ ድንብላሉ አንገቱን ደፍቷል።
በሶብላው እኩሌታው ጠቁሯል።
ናናው ግን፣ ናናን ምን ይገድለዋል፣ ቆሟል።
ሥሩን መዝዞ አሳየኝ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ የረዘመ።
"እንዳንቺ ጠጉር" አለኝና እያየኝ ቆመ።
ምስጋና ይሁን ስድብ ገና አልገባኝም።

ለሻይ ጥቂት ዘለላ ቆርጬ፣
ወጥ ቤት ገባሁ፣ አበባ ያለበትን ሳፋ መርጬ።
ድሮ ናና ሦስት ጊዜ ነው የሚታጠበው፤
አንዱ ለጭቃው፣ ሁለተኛው ለአሸዋው፣
ሦስተኛው እናቴ ስላለችኝ ነው።
አንዴ አጠብኩ፤ ጎንበስ ብዬ ግርጌውን አየሁ፤
የሳፋውን አበባ እንጂ ምንም አላገኘሁ።
በጣቴ ፈለግኩ። አንዲት ቅንጣት እንኳ የለችም።

ሦስት ጊዜም አጠብኩት።
ውሃውን አልደፋሁም፤ በገንዘብ የተገዛ ነው፤
ወስጄ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት።